ከንግግር መለማመጃ ክፍል የተነቀለው የማስታወሻ ሰርቨር

ለማገገሚያ ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
ቀን፦ መጋቢት 9
ጉዳዩ፦ ተነቅሎ የተወሰደው የማስታወሻ ሰርቨር ተመልሶ እንዲተከል ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ጊዜዎን እንደምሻማ አውቃለሁ። በየቢሮው ደጅ ስመላለስ ቆይቼ በመጨረሻ “ለበላይ ጻፊ” ስለተባልኩ ነው።

ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቃል ከአፉ የሚወጣው በጭንቅ ነው። በማዕከሉ የንግግር መለማመጃ ክፍል፣ በኮምፒውተር ከሚያነጋግረው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ጋር ይለማመዳል። ረዳቱ አይቸኩልም፤ አያቋርጥም። ችግሩ ንግግሩ ባበቃ ቁጥር ሁሉንም ይረሳል። በማግስቱ “ስምዎ ማን ነው? ልጆች አሉዎት?” ብሎ ከሀ ይጀምራል። የነበረችንን አንዲት ልጅ በሕመም ያጣናት ስትሮኩ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ባለቤቴ ይህንን በተኮላተፈ አንደበት ሲናገር፣ ረዳቱም በየጊዜው እንደ አዲስ ሲያዝን አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

እኔ ከኮምፒውተር ጥገና ሥራ በጡረታ የተገለልኩ ነኝ። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋን አስፈቅጄ፣ ዕቃ ቤት ከተጣሉት አንድ ኮምፒውተር አንሥቼ ቀለል ያለ የማስታወሻ ሰርቨር አቋቋምኩ። ሥራው ይኸው ነው፦ ረዳቱ ንግግር ሲያበቃ ሊያስታውስ የሚገባውን በአጭሩ ጽፎ እዚያ ያስቀምጣል፤ በማግስቱ ከመጀመሩ በፊት ያነበዋል። ባለሙያዋና ቤተሰብም መጨመር እንችላለን። በባለቤቴ ማስታወሻ ላይ “ስለ ልጃችን እሱ ራሱ ካላነሣ አትጠይቀው” ብዬ አስገባሁ። እዚያው የሚለማመድ የአንድ ጸጉር አስተካካይ ሚስት ደግሞ “አትጩኽበት፤ የደከመው ምላሱ እንጂ ጆሮው አይደለም” ብላ አጻፈች። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ስለ መንገድና ስለ ሞተር እየተጠየቀ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ጀምሮ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ስንመጣ ሰርቨሩ የለም። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ፣ የታካሚ ጉዳይ ያለ ይለፍ ቃል ስለተቀመጠበት እንዳስነቀሉት ገለጹልኝ። በዚህ እውነታቸውን ነው። ላስተካክለው ብል ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመርቷል አሉኝ። ኮሚቴውን ብፈልግ አባላቱ ገና አልተመረጡም።

ስለሆነም ሰርቨሩ በይለፍ ቃል ተቆልፎ፣ ከኢንተርኔት ተለይቶ፣ ኃላፊው በሚያዙት ቦታ እንዲተከል እጠይቃለሁ። ይህ እስኪሆን ማስታወሻዎቹ እንዳይጠፉ ይታዘዝልኝ።

ትናንት ረዳቱ ያንኑ የልጆች ጥያቄ ሲጠይቀው ባለቤቴ “የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም” አለ። ለማሳጠር ብሎ ነው፤ አውቃለሁ። ቃሉ ግን ሳይኮላተፍ ወጣ፤ ረዳቱም ጥርት አድርገው ተናገሩ ብሎ አመሰገነው። ወደ ቤት ስንሄድ አላየኝም።

ክቡር ሆይ፣ ይህን መልስ ሳይለምደው ውሳኔዎን እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣
(ፊርማ)
የታካሚው ባለቤት