ፀሐይ ሳትፈጠር የነበሩት ሦስት ቀናት

ለወንድሜ፣ ለአገልግሎት ጓደኛዬ፤

እንደምን ሰነበትክ? ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? የእናትህ ጉልበት ተሻላቸው? ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ እንደገባህ ሰማሁ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም።

የሰንበት ትምህርት ቤታችንን የጥያቄና መልስ ጉባኤ መቼም አልረሳኸውም። ተማሪያችን ሰርካዲስ፣ ፀሐይ በአራተኛው ቀን ከተፈጠረች የፊተኞቹ ሦስት ቀናት በምን ተቆጠሩ ብላ ጠየቀች። አንተ እንደ ልማድህ ጢምህን እያሻሸህ፣ አባቶች አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ ይሉታል፤ ርዝመታቸውን ግን እኔ አላውቅም አልክ። እኔ ማይኩን ነጥቄህ፣ እያንዳንዳቸው ሃያ አራት ሰዓት ናቸው፣ ከዚህ የወጣ መናፍቅ ነው የሚል ቃል በቤተ መጻሕፍታችን የትርጓሜ መጽሐፍ አንብቤያለሁ አልኩ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። አንተ አንገትህን ደፍተህ፣ እንግዲህ እማራለሁ ብለህ ተቀመጥክ።

ወንድሜ፣ መጽሐፉን ገልጬው አላውቅም ነበር።

አንተን ከመምህርነት አነሱህ፤ እኔን ሰብሳቢ አደረጉኝ። ሰርካዲስ ያን ቃል አሳምራ ጽፋ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ ሕፃናቱ በቃላቸው ይሉታል። እዚህ ሳቢያን ሰፈር ያለችው ጎረቤቴ ቱሪያ እንኳን፣ ዋላሂ ከሳህ፣ እናንተም ረመዳን አላችሁ እንዴ ብላ ቀለደችብኝ። አሁን ደግሞ መጽሔታችንን የሚያዘጋጀው ናሁሰናይ የገጹን ቁጥር አምጣ ብሎ ይዞኛል። ዛሬ ነገ እያልኩ ሦስት ሳምንት ሆነ። መግቢያ መውጫ አጣሁ።

ማክሰኞ ሲብስብኝ ከቤተ መጻሕፍታችን መጽሐፉን አወጣሁት። ምናልባት ቃሉ ይኖር ይሆናል ብዬ፤ ሞኝነቴን እይልኝ! የስድስቱን ቀናት ክፍል ሦስቴ አነበብኩት። የለም። ልመልሰው ስል የተዋሱ ሰዎች ስም የሚጻፍበት ካርድ ከኋላው ወደቀ። ያለው አንድ ስም ነው፣ ያንተ። የመለስክበትም ቀን የጉባኤው ዋዜማ ነው። ቃሉ እንደሌለ እያወቅክ እማራለሁ ያልከው ከማክሰኞ ጀምሮ ከጆሮዬ አልጠፋ አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እውነቱን ለመናገር ማይኩን እንደገና እይዛለሁ። ብቻዬን ከሆንኩ እንደማመልጥ ራሴን አውቀዋለሁ። እባክህ ፈረቃህን ተቀያይረህ ናና የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥልኝ።

የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። አምላክ ደጁን አያስናፍቅህ፤ ወደ ወንበርህ ይመልስህ።

መጽሐፉን ዘግይቶ ያነበበው ወንድምህ