«ቀጥሉ» ያልኩት እኔ ነኝ

ቀን፦ የካቲት 19

ለመድኃኒት አከፋፋይ ኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ
በጽሕፈት ቤትዎ

ጉዳዩ፦ የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ በነበረችው በሟች ልጄ ላይ የተጻፈው የምርመራ ሪፖርት እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በኩባንያዎ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራችው፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታትም የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍሉን በኃላፊነት የመራችው ሴት እናት ነኝ። ልጄ ካረፈች ዛሬ ሁለት ወር ከአራት ቀን ሆናት። ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ በአጻጻፌ ጉድለት ቢያገኙ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

2. አስቀድሜ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ወደሚሠራ ማመልከቻ ጸሐፊ ሄጄ ነበር። ነገሬን ሰምቶ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና «እማማ፣ ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ሌላውን ሊከስ ነው። ራሷን ልትከስ የመጣች እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት» አለኝ። ከዚያም ሥራ አብዝተው ገደሏት ብለን ብንጽፍ እንደሚሻል መከረኝ። እንዲያ ብዬ ብጽፍ የሚያዝንልኝ ሰው አገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። ልጄን የገደላት የኩላሊት ሕመም ነው። ከጀመራት ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ለእናንተ ግን አልነገረቻችሁም። «ሴት አለቃ ስትታመም አለቅነቱ ከበዳት ነው የሚሉት» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ለጸሐፊው ስለ ድካሙ አመስግኜው ወረቀት ገዝቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

3. ልጄ ሥራ የጀመረችው በኩባንያዎ ምድር ቤት፣ የማተሚያ ማሽኖች በሚጠገኑበት ክፍል ነበር። ከዘጠኝ ወንዶች መካከል አንዲት ሴት እሷ ነበረች። ጠረጴዛ ሥር እየገባች ገመድ ስለምትዘረጋ «ገመዲት» ብለው ስም አወጡላት። ስሙን የወደደችው አይመስለኝም፤ ግን አልተቆጣችበትም። ኃላፊ ሆና የመጀመሪያውን ስብሰባ ስትከፍት «ገመዲት ከጠረጴዛ ሥር ወጥታለች፤ አሁን ተረኛው ማን ነው?» ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው አሉ። ቢሆንም በየወሩ አንድ ቀን ራሷ ምድር ቤት ወርዳ ከጀማሪዎቹ ጋር ትሠራ ነበር። ያን ቀን የምትለብሰው ሱሪ ጉልበቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተጥፏል። የጣፍኩት እኔ ነኝ።

ሥራዋ ምን እንደሆነ በደንብ ገብቶኝ አያውቅም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «እርስ በርስ የማይነጋገሩ ማሽኖችን ታስታርቃለች» እል ነበር። ይህን ስትሰማ ከልቧ ሳቀች፤ «እማዬ፣ ቦርዱ ፊት አንቺን ነው ይዤ መቅረብ ያለብኝ» አለችኝ። እኔ ግን ሥራዋን አላከበርኩላትም። ማዕድ ላይ ስልኳ ሲጠራ፣ ስልኩን ባሏ አድርጌ «ምነው፣ ባልሽ ተነሳ?» እያልኩ እነካካት ነበር። የምትመራቸው ሰዎች ሃያ ሦስት መሆናቸውን እንኳ ያወቅኩት ለለቅሶ ሲመጡ ቆጥሬ ነው።

4. ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ኩባንያው የመድኃኒቶቹን መዝገብ ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲስ አዛወረ። ሥራው የተያዘው መጋዘኑ ለሚዘጋበት እሑድ ነበር። ልጄ ለዚያ ቀን መመሪያ ጽፋለች። በመመሪያው መሠረት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ አንድ ችግር ከታየ ምንም ሳይጠፋ ወደ አሮጌው መመለስ ይቻላል፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ግን መመለስ የለም። እንቀጥል ወይስ እንመለስ የሚለውን የምትወስነው ኃላፊዋ ስትሆን፣ ውሳኔዋም በሰው በኩል ሳይሆን ከራሷ አንደበት መሰማት አለበት። ምክትሏ አንዲት ቁልፍ ከመንካቱ በፊት ሦስት ጊዜ የሚቆጥር ጥንቁቅ ሰው ነው፤ በክፍሉም «ቆጣሪው» ይሉታል። እኔም ሌላ ስም ስለማላውቅለት በዚሁ እጠራዋለሁ።

5. ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ ቢሮ ከርማ እሑድ ጠዋት ቆጣሪውን በቦታዋ ተክታ ወደ ቤት መጣች። ፊቷ አብጦ ነበር። ሐኪሙ ያዘዘላትን እንክብል ዋጠችና ስልኳን እጄ ላይ አስቀመጠች። ያለችኝን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦

«እማዬ፣ ቆጣሪው ከደወለ ቀስቅሺኝ። ምንም ብመስልሽ ቀስቅሺኝ።»

እሺ አልኳት። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እየጠበቅኳት ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቆጣሪው ደወለ። ልቀሰቅሳት ተነሳሁ፤ እውነቴን ነው፣ እጄን ትከሻዋ ላይ አሳርፌ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ግንባሯ ተፈትቶ፣ አፏን ከፈት አድርጋ እንደ ልጅነቷ ተኝታለች። እጄን አነሳሁና ወደ ሳሎን ወጥቼ ስልኩን አነሳሁ።

ቆጣሪው አክብሮ ጤንነቴን ጠየቀኝና «እናቴ፣ አንዳንዱ መድኃኒት ላይ ጊዜው የሚያበቃበት ቀንና ወር ቦታ እየተለዋወጠ ነው። እሷ ታውቀዋለች። እንቀጥል ወይስ እንመለስ፣ አንድ ቃል ብቻ ይጠይቁልኝ» አለኝ። ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፌ አንድ ሰው ጠይቆ ለመመለስ የሚፈጅበትን ያህል በሩ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ስልኩን ወደ ጆሮዬ መልሼ «ቀጥሉ ብላለች» አልኩት።

ለምን «ተመለሱ» እንዳላልኩ ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ሰዎች ጀምረው የሚተዉት ነገር ጥያቄ ያስነሳል፤ ጥያቄ ከተነሳ ደግሞ መልሰው ይደውላሉ ብዬ አሰብኩ። «ቀጥሉ» ግን ማንንም የማያስቸግር ቃል መሰለኝ። ስልኩንም ድምፁን አጥፍቼ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

6. ልጄ የነቃችው አሥር ሰዓት ሲሆን ነው። ዓይኗን ሳትገልጥ «የት ደረሱ?» አለች። «ሰላም ነው፤ ተኚ» አልኳት። ስልኳን ከኪሴ አውጥታ አየችና ደወለች። የቆጣሪው ድምፅ ይሰማኛል፤ የሚለው ግን አይሰማኝም። እሷ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን መጻፍ አልችልም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ለስልኩ መለሰች፦

«አዎ፣ ብያለሁ። አሁን ከመጋዘን አንዲት ካርቶን እንዳትወጣ አድርግ፤ እየመጣሁ ነው።»

እግሯ አብጦ ጫማው እምቢ አላት። ተንበርክኬ አጠለቅኩላት። ጊዜው ያበቃበት መድኃኒት ደህና፣ ደህናው ጊዜው ያበቃበት ተብሎ ተመዝግቦ ስለነበር ሦስት ቀን ሙሉ ሠራተኛው በሙሉ ካርቶን በካርቶን በእጁ ቆጠረ። እሷ በጊዜ ስላስቆመችው የተበላሸ መድኃኒት ወደ ሰው አልደረሰም፤ ሪፖርቱም ይህን አልካደም። ሆስፒታሎቹ ግን ሦስት ቀን ጠብቀዋል። በእነዚያ ቀናት መድኃኒት የጠበቀ በሽተኛ ማን እንደነበር አላውቅም። እሱም በእኔ ላይ ነው።

7. አጣሪ ኮሚቴው ፊት ልጄ «ውሳኔውን በስልክ የሰጠሁት እኔ ነኝ» ብላ ፈረመች። ሪፖርቱም «ኃላፊዋ ራሷ ያወጣችውን መመሪያ ቸል በማለት፣ ችግሩን ሳታጣራ እንዲቀጥሉ አዘዘች» ሲል ደመደመ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ከኃላፊነት ተነሳችና አማካሪ ተብላ ሌላ ፎቅ ላይ ተቀመጠች። ከሰባት ሳምንት በኋላ ሆስፒታል ገባች፤ ከዚያ አልወጣችም።

አንድ ጊዜ ብቻ «ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው» ብያታለሁ። ሹራቧን እያጠፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። «እንዲያ ካልሽ የሚባረረው ቆጣሪው ነው። ቃሌን ከአንቺ መቀበል አልነበረበትማ። ስልኩን ላንቺ የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ተይው እማዬ» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ ይህን ስትለኝ ደስ አለኝ። የምሸሸግበት ስላገኘሁ ደስ አለኝ። ሁለተኛ አላነሳሁባትም።

8. ካረፈች በኋላ ዕቃዋን እንድወስድ ተጠራሁ። ሁለት ጥንድ መነጽር፣ አንድ ሹራብና የማስታወሻ ደብተሮቿን በካርቶን አድርገው ሰጡኝ። በሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር ሳልፍ የአንድ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ አዲስ ለተቀጠሩ ወጣቶች ሥልጠና ይሰጣል። አሠልጣኙ ሪፖርቱን እያነበበላቸው ነበር። «የማይሆን አለቃ ማለት ይህ ነው፤ በራሷ እጅ የጻፈችውን ራሷ ጣሰችው» አላቸው። አንዲት ልጅ «ምን ሆና ነው እንዲህ ያደረገችው?» ብላ ጠየቀች። እሱም «እንቅልፏን ሳትጨርስ ቀስቅሰዋት ይሆናላ» አለና ክፍሉ ሳቀ። የጠየቀችው ልጅ ሳትስቅ ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች።

በሩን ገፍቼ መግባት ነበረብኝ። ካርቶኑን ታቅፌ ደረጃውን ወረድኩ።

9. ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ግን ዝምታው አላስቀምጥ አለኝ። በማግሥቱ ቆጣሪውን ቤቴ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ቃሉ የእሷ መስሎት ነው የኖረው። እንዲህም አለኝ፦

«እናቴ፣ ራሷን ያገናኙኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን እናትን ‹አላምንዎትም› ማለት መሰለብኝና ዋጥኩት።»

ይህን ደብዳቤ ብጽፍ እንጀራውን እንደሚነካበት ነገርኩት። ልጄም ልታድነው ብላ እንደፈረመች፣ እሱ አይሆንም ካለ ብዕር እንደማላነሳ ነገርኩት። «ይጻፉት። እኔም የበኩሌን ጽፌ እፈርማለሁ። በእሷ ስም ተከልዬ የእሷ ወንበር ላይ መቀመጥ አልችልም» አለኝ። በማግሥቱ ጠዋት የፈረመበትን ቃል አመጣልኝ፤ ከዚህ ጋር አንድ ገጽ ሆኖ ተያይዟል። የልጄን ፈቃድ መጣሴን አውቃለሁ። በእሷ ላይ ሌላ በደል እየጨመርኩ ከሆነም እኔው እጠየቅበታለሁ።

10. ስለሆነም ክቡርነትዎን የምጠይቀው፦

ሀ. በሪፖርቱ ውስጥ «ኃላፊዋ እንዲቀጥሉ አዘዘች» የሚለው ተሰርዞ፣ «ኃላፊዋ ታማ ተኝታ ሳለች እናቷ ሳትጠይቃት በውሸት መለሰች» ተብሎ እንዲጻፍ፤ ማስጠንቀቂያውም ከማኅደሯ እንዲወጣ፤

ለ. ምክትሏ በዚህ ምክንያት እንዳይቀጣ። መቀጣቱ ግድ ነው ከተባለም፣ ቃሉን የተቀበለው ከማያውቃት ሰው ሳይሆን ማዕዷን ከቀመሰላትና እናቴ ከሚላት አሮጊት መሆኑ እንዲታሰብለት፤

ሐ. ሪፖርቱ ለአዳዲስ ሠራተኞች መነበቡ የሚቀጥል ከሆነ የታረመው እንዲነበብ። ባለፈው የሰሙት ወጣቶችም ተጠርተው እንዲሰሙት፤ በተለይ ያቺ የጠየቀችው ልጅ። የምጠራበት ቀን ከተነገረኝ እኔው ራሴ ፊታቸው ቆሜ እነግራቸዋለሁ።

በሕግ የምጠየቅበት ነገር ካለ አድራሻዬ በልጄ ማኅደር ውስጥ አለ፤ ቤቴን አልቀየርኩም።

ክቡርነትዎ፣ እንዲያዝኑልኝ አልጻፍኩም፤ ይቅር እንዲሉኝም አልጠይቅዎትም። ይቅርታውን መስጠት የነበረባት እሷ ነበረች። ሰባት ሳምንት አንድ ቤት ስናድር፣ ከዚያም ሆስፒታል አልጋዋ ሥር ስቀመጥ ጊዜ ነበረኝ፤ ነገ እጠይቃታለሁ እያልኩ ሳልጠይቃት ሄደች። ከእርስዎ የምፈልገው እርማቱን ብቻ ነው።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሟች እናት