በላቦራቶሪ ኃላፊያችን ሞት እና ሰባት ዓመት ሳይፈረም በቆየው ሪፖርታቸው ላይ የተሰጠ መግለጫ

ለጣቢያችን ሠራተኞች፣ ለውሃ ባለሙያዎች ማኅበር አባላት፣ ከጣቢያው በታች በወንዙ ዳር ለሚኖሩ ወገኖቻችን በሙሉ፤

በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያችን ለሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉት፣ ሠራተኛው ሁሉ በፍቅር «ወይዘሮ ብልቃጥ» እያለ ይጠራቸው የነበሩት የላቦራቶሪ ኃላፊያችን ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ዜናውን ስንሰማ ክው ብለን ቀርተናል፤ ሐዘናችን ከባድ ነው።

ሥራ ሲጀምሩ ላቦራቶሪ ይባል የነበረው አንድ ጠረጴዛና የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያለበት ክፍል ነበር። በሁለተኛው ዓመት የዕለት ምርመራ አስጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ሳይመረመር ወደ ወንዙ የወረደ ውሃ የለም።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ከጣቢያው መውጫ በታች በየዕለቱ ውሃ እየቀዱ፣ የውሃ ቁንጫ የሚባሉትን ደቃቅ የውሃ እንስሳት፣ በወቅቱም የዓሣ እንቁላል በዚያው ውሃ በብልቃጥ እያኖሩ ይተርፉ እንደሆነ መስኮቱ ደፍ ላይ መከታተል ያዙ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ያኔ ነው፤ ሲጠሩበት ይስቁ ነበር።

በሃያ አራተኛው ዓመት የደረሱበት ግኝት የሥራቸው ሁሉ ቁንጮ ነው፤ እኛን ግን አንገት ያስደፋል። ተቆጣጣሪ ይመጣል በተባለ ቀን ክሎሪኑን እጥፍ የማድረግ ልማድ ነበረን። ውሃው ከጀርም ነፃ ነው ይባልልናል፣ እኛም ደረታችንን ነፍተን እንግዶቹን እንሸኛለን። እርሳቸው የብልቃጦቹን መዝገብ ከጉብኝቱ ቀናት ጋር አስተያዩ። በእያንዳንዱ ጉብኝት ማግስት የውሃ ቁንጫዎቹ አልቀዋል፣ እንቁላሉም አልተፈለፈለም። ትርፉ ክሎሪን ራሱ እንደሚገድል፣ በተጣራው ፍሳሽ ውስጥ ከቀረው ቆሻሻ ጋር ሲዋሃድም መርዛም ውህዶች እንደሚፈጠሩ በሪፖርታቸው አስረዱ። ክሎሪን ይቅር አላሉም። በስብሰባ ላይ የተናገሩት ቃል በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፦ «ጀርሙንስ እንግደል፤ ዓሣው ምን አደረገን?» ፍሳሹ አስቀድሞ በደንብ እንዲጣራ፣ ክሎሪኑ በልክ እንዲሆን፣ የተረፈውም ወንዝ ሳይገባ እንዲወገድ ጠየቁ።

ሪፖርቱ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲላክ የማኔጅመንቱ ፊርማ ያስፈልገው ነበር። እኛ ጆሮ ዳባ ልበስ አልን። «ራሳችንን በራሳችን እንክሰስ እንዴ?» ያልንም አለን። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ወር በገባ ቁጥር አዲስ ውጤት እየጨመሩ ያቀርቡልን ነበር፤ ሳያኮርፉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ አንድም ቀን ሥራቸውን ሳያጓድሉ። ወይ ትዕግሥት! ኮሪደር ላይ ሲያዩአቸው መንገድ የሚቀይሩ ኃላፊዎች ነበሩ። የመጨረሻውን ቅጂ ያደረሱን ባለቤታቸው ናቸው፤ እርሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር።

ተወካዮቻችን የአበባ ጉንጉን ይዘው ቤተሰቡን ለማጽናናት በሄዱ ጊዜ ትልቋ ልጃቸው አመሰገነችና «አበባው ይቅርብን፤ የእማዬን ወረቀት ፈርሙላት» አለች። ተወካዮቻችን ቃሏን ይዘው ወደ ማኔጅመንቱ ተመለሱ።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ ለእህት ወንድሞቻቸው፣ በላቦራቶሪው አብረዋቸው ለዋሉ የሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን።

ሪፖርቱ ዛሬ ጠዋት ተፈርሞ፣ ልማዳችንን ሳይሸፋፍን ከሚገልጽ ደብዳቤ ጋር ተልኳል። ለመፈረም የወሰደው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ማድረግ እንችል ነበር፤ አላደረግንም። እህታችን፣ ይቅር ይበሉን።

የጣቢያው ማኔጅመንትና ሠራተኞች