የተቆረጠችው «እኔን»

ማክሰኞ፣ የካቲት ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም

እኔ አልሳቅሁም። በእርሳቸው አልሳቅሁም። ዛሬ ይህንን ያልነገርኩት ሰው የለም፤ ያመነኝም የለም። ሁሉም በዓይኑ አይቷላ!

ትናንት ማታ የሲኒማው መኪና ትምህርት ቤታችን ግቢ ቆሞ ፊልሙን አሳየ። በጥቅምት ከአዲስ አበባ መጥተው እዚሁ ያነሱትን። ስለ ተማሪዎች የሚያስቅ ተከታታይ ታሪክ ነው፤ አዲስ አበባ ቴሌቪዥን ያለው እቤቱ ያየዋል፣ ለእኛ በመኪና ተጭኖ ይመጣል። አስተማሪ ብሆንም «ፊትሽ የተማሪ ነው» ብለው ብርቄ የምትባለውን ልጅ ሆኜ እንድጫወት አደረጉኝ። ያኔ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር!

የኔታ ተክሌን ያመጣሁላቸውም እኔ ነኝ። ማንኩሳ ድረስ ሄጄ፣ ጉልበታቸውን ስሜ፣ «ልጆቹን ፊደል ሲያስቆጥሩ ብቻ ነው የሚያነሱዎ፣ ክብር ያለው ነገር ነው» ያልኳቸው እኔ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርሳቸው ናቸው። «ይችን ልጅ አስኳላ ስደዳት፣ ግድ የለህም» ብለው አባቴን የለመኑልኝም እርሳቸው ናቸው።

ሸራው ላይ የታየው እንዲህ ነው። የኔታ ከዛፉ ሥር ተነስተው ይመጣሉ። በሽቦ ተጠልፈው በግንባራቸው ይደፋሉ፤ ጥምጥማቸው ይፈታል። ወዲያው የእኔ ፊት ይመጣል። ሸራውን ሞልቶ፣ ድዴ ሳይቀር እየታየ፣ ሳቅ! ከዚያ የብዙ ሰው ሳቅ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይፈነዳል።

እውነቱ ሌላ ነው። የኔታ የወደቁት ጠዋት ነው፤ ሰዎቹ ለድምፅ መቅጃቸው በዘረጉት ሽቦ። እኔም «እኔን!» ብዬ ጮኼ፣ ሮጬ አነሳኋቸው። ሰው ሲደናቀፍ ሌላ ምን ይባላል? የሳቅሁት ከሰዓት በኋላ ነው። አህያ ከኋላ መጥታ አለቃቸው የያዘውን ወረቀት ነጥቃ ስትበላበት። ካሜራ የያዘው ሰውዬ «ቆንጆ ሳቅ ነው፣ እንዳታቋርጪው» አለኝ። እኔ ሞኝ ደግሞ ጨመርኩለት።

ይህንኑ ለእትዬ ሙሉ፣ ለቤት አከራዬ፣ ነገርኳቸው። እስኪያልቅ ሰሙኝና፣

«አህያዋ የታለች ልጄ? እኔ አህያ አላየሁም» አሉኝ።

ረቡዕ

ክፍል ስገባ ልጆቹ እንደ ወትሮው ተነሱ። ከኋላ አንዱ ሆን ብሎ ወደቀ። ሁሉም ሳቁ። ጆሮውን ይዤ እስኪቀላ ጎተትኩት። ከዚያ በቀር ምን አስተማርኩ? ትዝ አይለኝም።

ከተማው ውስጥ ሌላ ጉድ ተነስቷል። ሽማግሌዎች ፊልሙ ውስጥ የሚስቁትን ሰዎች እያፈላለጉ ነው! የማንኩሳ ሰው «የሳቁት ፍኖተ ሰላሞች ናቸው» ይላል። የእኛ ሰው «ኧረ ከእኛ ማንም አልነበረም፣ የራሳቸው አገር ሰው ነው» ይላል። እትዬ ሙሉ አንዷን ሴት በድምጿ ለይቻታለሁ ብለው ስም ሁሉ ጠርተዋል። ምስኪኗ እንጨት ተሸክማ ስታልፍ ማንም ጤና ይስጥልኝ አላላትም።

«እትዬ፣ ሳቁ የተቀዳው አዲስ አበባ ነው። በኋላ ነው የለጠፉበት።»

«አዲስ አበባ ሆነው የኔታ መውደቃቸውን በምን አዩ?»

«አላዩም። በሌላ ነገር ሲስቁ ነው የተቀዱት።»

«ባላዩት ነገር የሚስቁ? እብድ ናቸው?»

እብድ አይደሉም። መልሱን ከምሳ በኋላ የሲኒማው መኪና ዘንድ ሄጄ አገኘሁት። ማሳያውን የሚይዙት አቶ ግርማ ናቸው፤ ሰፊ ባርኔጣ ያደርጋሉ፣ ሲያወሩ ጥርሳቸውን በስንጥር ይጎረጉራሉ። ፊልሙን ከጥቅሉ አውጥተው ወደ ፀሐይ ዘርግተው አሳዩኝ። የኔታ እንደ ጥፍር አንሰው፣ አንድ ላይ ተደርድረው፣ በየሥዕሉ ትንሽ ትንሽ እየጎበጡ ሲወድቁ አየሁ። ከዚያ አንድ ቀጭን የማጣበቂያ መስመር። ከመስመሩ በታች እኔ።

«እዚህ ጋ መቀስ ገብቷል» አሉኝ። «ተመልካች ሁለት ነገር አጠገብ ለአጠገብ ካሳየሽው ራሱ ያጋባዋል። ቄስም አያስፈልገው።»

«ፀሐዩን እዩት እንጂ! እርሳቸው ሲወድቁ ጥላው ወደ ምዕራብ ነው። እኔ ስስቅ ወደ ምሥራቅ ነው።»

«ማን ጥላ ያያል? ሰው የሚያየው ፊት ነው።»

«‹እኔን› ያልኩበትስ? ያነሳኋቸውስ?»

«እሱማ አዲስ አበባ ወለል ላይ ወድቆ ከቆሻሻ ጋር ተጠርጓል፣ እመቤቴ። የብርቄ ታሪክ እኮ ዘመናዊ ልጅ ሽማግሌ የምታሞኝበት ነው። ብታነሺያቸው ታሪኩ ተበላሸ ማለት ነው።»

ሳቄን ይቁረጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ፊልሙ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፣ እንጀራዬን ልታሳጪኝ ነው ወይ አሉ። ቅዳሜ ቡሬ ይታያል። ቡሬ እናቴ አለች። ገበያተኛው ሁሉ አለ።

ከዚህ በላይ የጻፍኩትን አሁን አነበብኩት። ሁሉም እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ዘልያለሁ፤ እኔም መቀስ ይዣለሁ ለካ።

ሰኞ ማታ የኔታ ሲወድቁ፣ ያ ሳቅ ሲፈነዳ፣ ሸራው ላይ ያለችው ሳትሆን ሣሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ፣ ሳቅሁ። ማን እንደወደቀ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አውቄ ነው። ሳቁ እንደ ማዛጋት ያዘኝ። አጭር ነበር፤ ማንም የሰማ አይመስለኝም። እኔ ሰምቻለሁ።

ሐሙስ

ከትምህርት በኋላ በእህል ጫኝ መኪና ማንኩሳ ሄድኩ። የኔታ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ጥላ ሥር በተማሪዎቻቸው ተከበው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊልሙን አላዩም፣ ሰው ነው የነገራቸው።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ የኔታ፣ ይመኙሻል።»

«አሃ። ሳቂታዋ።»

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዱ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አልከለከሉኝም፤ ግን እንደ ወትሮው እጃቸውን ራሴ ላይ አላሳረፉም። አህያዋን ነገርኳቸው። መቀሱን፣ ጥላውን፣ የተቀዳውን ሳቅ ነገርኳቸው። እርሳቸውም፣

«ለመሆኑ ስነሳ አሳይተዋል?» አሉኝ።

«አላሳዩም የኔታ።»

«እንግዲያ እስካሁን እዚያው ተደፍቻለሁ በያ!»

የነጠላዬን ጫፍ በጣቴ ጠቀለልኩ።

«ያነሳሽኝስ አንቺ ነሽ። ትዝ ይለኛል፤ ክንዴን ቆንጥጠሽ አቁስለሽኝ ነበር።» ፊታቸው ፈታ አለ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማታውን ስታይውስ? አንቺ አልሳቅሽም?»

«አልሳቅሁም የኔታ።»

እጃቸው ራሴ ላይ አረፈ። «እግዚሃር ያክብርሽ፣ እንዳከበርሽኝ።»

በጫኝ መኪናው ኋላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ተመለስኩ። አቧራው ሲሸፍነኝ ደስ አለኝ። ፊቴ አይታይም።

ዓርብ

ራሴን ጠላሁት። አዲስ አበቦቹ በደሉኝ፤ ይህ በደል የእነሱ ነው፣ እስከ መቼም አልምራቸውም። ውሸቱ ግን የእኔ ነው። ማንም ሳይቆርጠኝ፣ ማንም ሳይቀጥለኝ፣ በገዛ አፌ የተናገርኩት። ምርቃታቸውን ሰረቅኋቸው።

አቶ ግርማ ማታ እትዬ ሙሉ ቤት ድረስ መጡ። ፊታቸው ልክ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ «ሳቂዎቹን አምጣ» ብለው ይዘዋቸው፣ ጎረምሶች ደግሞ የመኪናውን ጎማ ሲያስተነፍሱ ደርሰውባቸዋል። ቡሬም እንዲህ እንዳይሆን ፈርተዋል።

«መቀስ አልነካም» አሉኝ። «የድምፁን ቁልፍ ግን እንደ አመሉ ተበላሸ ብዬ ብዘጋው ማን ያየኛል? ማይክሮፎኑን ያዢና ራስሽ ተናገሪ።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ስታሳድጂኝ የከረምሽው በነገር ነው፤ ዛሬ ጠፋሽ?»

እትዬ ሙሉ ከጓዳ ሆነው፣ «ያችን አህያ እንዳትረሺያት!» አሉ።

ቅዳሜ፣ ቡሬ

ከእናቴ ቤት ነኝ። እሷ ተኝታለች፤ ወይም የተኛች መስላለች።

ሸራውን ገበያው ዳር፣ የአንድ መጋዘን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ገበያተኛ ወደ አገሩ ሳይመለስ ለዚህ ብሎ ቀርቷል። እናቴ ከፊት ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ። እኔ ከመኪናው አጠገብ ማይክሮፎኑን በሁለት እጄ ይዣለሁ። የምናገረውን በቃሌ አጥንቼ ነበር፤ ስለ ካሜራ፣ ስለ መቀስ፣ ስለ ጥላ። አስተማሪ አይደለሁ!

የኔታ ከዛፉ ሥር ተነሱ። አቶ ግርማ ድምፁን ዘጉት። ሽቦው ያዛቸው፣ ወደቁ።

«እኔን!»

ገበያው በሙሉ ነው ያለው። በአንድ ትንፋሽ። ወንዱም፣ ሴቱም፣ ልጁም። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ እጇን ወደ ሸራው ዘርግታ ነበር፣ ልታነሳቸው። የሚያስቅ ነገር አልነበረበትም ለካ! ያንኑ መውደቅ ነው ያየነው፣ ያንኑ ሽቦ።

ከዚያ የእኔ ፊት መጣ። ድምፅ የሌለው ሳቅ እንዴት እንደሚያስቀይም አላውቅም ነበር። ማንም አብሮኝ አልሳቀም። አንዲት ሴት «ውይ! ይች ደግሞ የማን ክፉ ናት?» አለች። እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ሳበችው።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሲያስተጋባ የራሴ አልመስል አለኝ። «የይርጋ ልጅ ይመኙሻል ነኝ። እዚህ ላይ አልሳቅሁም። እዚህ ላይ ‹እኔን› ብያለሁ፤ ቆርጠው ጣሉት። ይህንን የሳቅሁት አህያ ወረቀት ስትበላ ነው።»

«ወረቀቱን በልታ ጠገበች?» አለ አንድ ሰውዬ ከኋላ፣ ሰውም ሳቀ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ! ሰው ታርቆኝ ነበር፣ እናቴም ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«ግን ፍኖተ ሰላም ላይ» አልኩ፣ «ከሕዝብ ጋር ተቀምጬ ሳየው፣ ስቄያለሁ። በየኔታ መውደቅ ስቄያለሁ። ጠይቀውኝም ዋሽቻቸዋለሁ።»

አቶ ግርማ ድምፁን መልሰው ከፈቱት። ብርቄ ቀጠለች።

በር ላይ ስንደርስ እናቴ፣ «የመጨረሻዋን ለእርሳቸው ብቻ ብትነግሪያቸው ምን ነበረበት? ለገበያ ሁሉ?» አለች።

ልክ ናት? አላውቅም። ለእርሳቸው ብቻ ብል ኖሮ በመንገዴ ሌላ ሰበብ አገኝ ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ።

እሑድ

አውቶቡሱ ማንኩሳ ሲቆም ረዳቱን «ጥቂት ጠብቁኝ» ብዬ ወረድኩ። ቅዳሴ ወጥቷል። የቡሬ ገበያተኛ ወሬውን ይዞ ቀድሞኛል፤ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ እያየኝ ያልፋል። የኔታ ያው ቦታቸው ላይ ናቸው።

«የሐሙሱን ምርቃት መልሺልኝ» አሉኝ፣ ገና ሳልጎነበስ።

ተማሪዎቹ ሳቅ እንዳይመጣባቸው ከንፈራቸውን ነከሱ። እርሳቸው ግን አልቀለዱም።

«እንዴት ይመለሳል የኔታ?»

«እኔስ እንዴት አውቄ? ተሰርቄ አላውቅ።» መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ አሽከረከሩ። «ተቀመጭ። እንዴት እንደወደቅሁ ንገሪኝ። ሁሉም ‹የኔታ አይጨነቁ› እያለ ይሸሸኛል፤ አንድ ሰው እንዴት እንደወደቅሁ አልነገረኝም።»

ነገርኳቸው። ምንም ሳልዘል። አነሳሳቸውን፣ ሽቦውን፣ ጥምጥማቸው ተፈትቶ ጭራ እንደሆነ፣ አንድ ጫማቸው ብቻውን ወደፊት እንደሄደ። እዚህ ላይ የእኔ ፊት ይመጣል አልኩ። እዚህ ላይ እኔ ሣሩ ላይ ሆኜ ሳቅሁ አልኩ።

«ጫማዬ ብቻውን ሄደ?»

«አዎ የኔታ። ሁለት እርምጃ ያህል።»

ሳቁ። ከሆዳቸው፣ እንባቸው እስኪፈስ፣ እያሳላቸው። ተማሪዎቹም ለቀቁት። እኔ ግን ለመሳቅ ፈራሁ። «ሳቂ እንጂ፣ አሁን ምን ከለከለሽ?» አሉኝ። አፌ አልከፈት አለ። እጃቸውን ወደ እኔ ሲያነሱ አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ፣ ረዳቱም «አስተማሪ! ጥለንሽ ልንሄድ ነው!» እያለ መጮህ ጀመረ። ተነስቼ ሮጥኩ።

በመስኮት ዞሬ አየኋቸው። እጃቸው እንደተነሳ ነው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሞተሩ ይጮሃል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «መረቁሽ፣ እልል በይ!» አሉኝ።

መረቁኝ ብዬ ልጽፍ ብዕሬን ሦስቴ አነሳሁ። አልሰማሁም። እጃቸው ተነስቷል፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሷል። ያየሁት ይህንን ብቻ ነው፣ የምጽፈውም ይህንን።