ይበቃኛል ያለው ወንድሜ

የካቲት 6፣ ከሰዓት
ዛሬም ቀኑን ሙሉ መርፌ ስወጋ ዋልኩ። ግማሹ ወባ፣ ግማሹ ቁስል። ጤ/ጣቢያው ይፋጃል። ባሮ ዳር ወርጄ እግሬን ውሃ ውስጥ ሳልነክር ወንድሜ ኦሞድ ደረሰብኝ። ያው ጥያቄ ነው፤ መምህር ሰይፉ ስለ ድሙዩ ምን አለ? ተቆጣሁት።

ሊያገባኝ ለሚለው ለሰይፉስ ስንቴ ነገርኩት! ድሙይ የአያቶቻችን ሰማያዊ ዶቃ ነው፣ ሱቅ አይሸጥም፣ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ ብቻ ይዞራል። ኦሞድ እጮኛውን አጁሉን የሚያገባው ለኔ ጥሎሽ በሚመጣው ድሙይ ነው። አራት ዓመት የኔን ባል ሲጠብቅ ኖረ። በሰይፉ አንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

የካቲት 9፣ ምሽት
የቀበሌ ውይይት። ሰይፉ ተነስቶ ሴት ልጅ በዶቃ አትለወጥም፣ ይህ ጎጂ ባህል ነው አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ! ኦሞድ ከኋላ ተቀምጦ እያየኝ።

ስንወጣ ሰይፉ ወደ መቱ ት/ቤት መዛወሩን ነገረኝ። የጭነት መኪናው ቅዳሜ ይነሳል። አብረሽኝ ሂጂ አለኝ። ሳይጨርስ እሺ አልኩት። እናቴ እንዳታፍር ድሙዩን አምጣ ብዬ ስለምነው፣ የዶቃውን ነገር ለኔ ተይው አለ።

የካቲት 11
ደብተሬ፣ ሰይፉ ለጥሎሽ ቤታችን መጣ።

አመጣ። ከገበያ የገዛውን ዶቃ። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሱቁ ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም። ኦሞድ ከት ብሎ ሳቀ። በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ! አጎቴ ዶቃውን አንስቶ አየና መልሶ ምንጣፉ ላይ አኖረው። ሰይፉ ግራ ገብቶት ፈገግ እንዳለ ነው።

ኦሞድ ፊቴን አየ መሰለኝ፣ ሳቁን አቆመ። ከዚያ ዶቃውን አንስቶ፣ ተቀብያለሁ፣ ይበቃኛል አለ። የሱ ድርሻ ነውና ማንም ሊከራከረው አልቻለም። እናቴ ተነስታ ወጣች። ሰይፉ ደስ ብሎት ሁሉንም ጨበጠ። ዶቃው የማረካቸው መስሎት!

የካቲት 12፣ ሌሊት
የአጁሉ አባት ሰምቷል። በዚህ ዶቃ ልጄን አልሰጥም፣ ኢታንግ ከተማ እውነተኛ ድሙይ በእጁ የያዘ ሌላ ጠያቂ አለ ብሏል።

ሰይፉ ቤት ሮጥኩ። መጽሐፍ እያሰረ ነበር። አንድ ዓመት ቆይ፣ አጎቶቼ እውነተኛውን ድሙይ በብድር ፈልገው ያግዙሃል፣ ቀስ ብለህ ትመልሳለህ አልኩት። የዝውውር ደብዳቤ ቀልድ አይደለም አለኝ። ኦሞድ ወንድ ነው፣ ይረሳዋል። ደግሞ ዶቃ ያው ዶቃ ነው አሪዬ፣ አለ። በቁልምጫ!

እወደዋለሁ። አሁን ይህን ስጽፍም እወደዋለሁ፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ይህንንም ደብተር የሰጠኝ እሱ ነው።

ማታ ኦሞድ ላይ ጮህኩ። ማን ለምኖህ? ማን ዋሽ አለህ? መሄድሽ አይቀርም፣ እንደ ሌባ ተደብቀሽ ከምትሄጂ ተድረሽ ሂጂ ብዬ ነው አለ። ሰይፉ ውደጂኝ ብሎ አራት ወር ሙሉ አወራ። ይሄኛው አንድ ቀን እንኳ እወድሻለሁ ብሎኝ አያውቅም፣ አጁሉን ግን ለኔ ሲል ሰጠ። በንዴት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የካቲት 13፣ ቅዳሜ፣ ንጋት 11፡30
መኪናው 12 ላይ ይነሳል። ጥሩምባው ከወዲሁ ይሰማል።

አልሄድም። የሱቁን ዶቃ ወረቀቱ ውስጥ መልሼ ጠቅልዬዋለሁ፣ ለሰይፉ ይደርሰዋል። እኔ ወደ አጁሉ አባት ነኝ። ወንድሜ ይበቃኛል ሲል ዋሽቷል፣ ድሙይ አልተቀበልንም፣ እኔም አልተዳርኩም፣ ድሙዩ ገና ይመጣል፣ ልጅህን ለሌላ አትስጥብን እለዋለሁ። በጎረቤት ሁሉ ፊት። ሲስቁብኝ ይዋሉ።

ኦሞድ ሻንጣዬን እስከ መኪናው ሊሸከምልኝ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ዓይኑ አብጧል። ሞኝ! አስቀምጠው፣ ይልቅ ንጹህ ሸሚዝህን ልበስ፣ የምንሄደው አጁሉ ቤት ነው አልኩት።