እስከ ሰኞው ፈተና

ማክሰኞ

ፓኳ፣ ያቺ የበረዶ ሆኪ ጥቁር ጎማ፣ ዛሬም ሁለት ናት። ቤዝመንት ወርጄ ግድግዳው ላይ በስቲክ እየመታሁ ስትመለስ አየኋት፤ በቀኝ ስትመጣ አንድ፣ በግራ ስትመጣ ሁለት። የትኛዋን ላስቁም? እንጀራዬ ማስቆም ነው። አስራ አንድ ዓመት፣ ሰባት ከተማ፣ ሥራው ግን ያው አንድ ነው፤ ሰው ጎል ሊያገባ ሲመጣ በረዶው ላይ ወደ ኋላ እየተንሸራተትኩ መንገድ እዘጋለሁ። ጎል ያገባሁበትን ቀን እናቴ እንኳ አታስታውሰውም።

ከተመታሁ አስራ ሁለት ቀን ሆነኝ። ዘንድሮ ጭንቅላቴን ስመታ ይሄ ሦስተኛዬ ነው። ቡድኑ የሚያውቀው ይሄን አንዱን ብቻ ነው። ዓይኔንም ማንም አያውቅም።

እንዳርፍ ብለው ኢስትሙር ሰፈር ወላጆቼ ቤት ላኩኝ። ስልክ ክልክል፣ ቲቪ ክልክል። ስልኬን የያዘችው እህቴ ሜሮን ናት፤ ነርሲንግ ስለምትማር ራሷን በራሷ ፖሊስ አድርጋ ሾማለች። የተፈቀደልኝ ወረቀትና እርሳስ ነው፣ እሱም በቀን ሃያ ደቂቃ። በአማርኛ መጻፍ የጀመርኩት የቡድን ጓደኞቼ እንዳያነቡብኝ ነበር። እማዬ ፊደል ያስቆጠረችኝ ለዚህ አልነበረም።

የሃያ አምስት ጨዋታ ኮንትራቴ አልቋል። ሰኞ ሐኪሙ ይፈትነኛል። ኤጀንቴ ብራያን «ካለፍክ ያድሱልሃል» ብሎኛል። ካላለፍኩስ? ሠላሳ ሁለት ዓመት ለሞላው ተከላካይ ማን ይደውላል?

ፈተናው፦ አምስት ቃል ያነቡልሃል፣ ቆይተህ ትደግማለህ። ወራትን ከዲሴምበር ወደ ኋላ ትቆጥራለህ። ዓይን ጨፍነህ ባንድ እግር ሃያ ሰከንድ።

የዛሬ ውጤት፦ ሦስት ቃል። ኦገስት ላይ ጠፋሁ። ስድስት ሰከንድ።

ረቡዕ

አራት ቃል! ባንድ እግር ዘጠኝ ሰከንድ። ከዚያ አስመለሰኝ፤ ሻወሩን ከፍቼ ድምፁን ሸፈንኩት።

ከሰዓት በኋላ ሜሮን ኮሪደር ላይ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር። ከዚያ አባዬን ጠርታ ኪችን ገቡ፣ በሩንም ዘጉት። የዚያ ቤት በር እስከዛሬ ሲዘጋ አይቼ አላውቅም። ምንድነው ብላት «ኢትስ ናሲንግ፣ የስኩል ጉዳይ ነው» አለችኝ።

ራት ላይ አባዬ ነገ ዴይ ኦፍ ወስጃለሁ አለ። ይህ ሰው አርባ ትኩሳት ይዞት ዌርሃውስ ሥራው የገባ ሰው ነው።

ሐሙስ

አባዬ ቤዝመንት ወርዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ባንድ እግሬ ስቆም፣ ስወድቅ፣ ስቆም አየኝ። ሆኪን ያስጀመረኝ እሱ ነው፣ ሳያስበው። ከአዲስ አበባ በዲቪ የመጣን ሰሞን የበረዶ ሜዳ ያጸዳ ነበር፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚያስቀምጥበት ስላጣ ይዞኝ ይሄድ ነበር። አለቃው የተረሳ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ አጠለቀልኝ። በቃ፣ ሕይወቴ በዚያ ተወሰነ።

«ይበቃሃል፣ አሁን ተኛ» አለኝ።

«አባዬ፣ ሰኞ ፈተና አለብኝ።»

አየት አደረገኝና ወጣ። ተናደድኩ። ቢያንስ አይዞህ አይልም?

ሜሮንን ቃላቱን እንድታነብልኝ ለመንኳት። ሁለቱን አንብባ አለቀሰች። «አይ ካንት፣ ናቲ። ፕሊስ ዶንት አስክ ሚ።» ራሴን የምጎዳ መስሏት ነው። እውነቷን ነው፣ ግን ምን አማራጭ አለኝ? ከሆኪ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ከዚህ ቡድን ሌላ የሚያውቀኝም የለም። እማዬ ደግሞ ለሦስት ሰው የሚበቃ ምግብ ታቀርብልኝና ቁጭ ብላ ጸጉሬን ትዳብሳለች።

አርብ

ሰው ሞቷል።

ጋራዥ ስገባ ወንበሮቹን አየሁ። አስራ ሁለት ታጣፊ ወንበር፣ ጀርባቸው ላይ የእድሩ ምልክት። የእድር ወንበር ለልደት አይመጣም።

ማን ይሆን? አዲስ አበባ ያለችው አያቴ ዕድሜዋ ገፍቷል። አጎቴ ስኳር አለበት። እማዬን ጠየቅኳት። «ሁሉም ደህና ናቸው» አለችኝ፣ ሽንኩርቱን እያየች። እኛ ቤት ሁሉም ደህና ናቸው የሚባለው አንዱ ደህና ካልሆነ ነው። መርዶ ደግሞ ወግ አለው፤ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ሳይነጋ፣ ለባለቤቱ ትንፍሽ አይባልም።

አሁን አንድ የሚያሳፍር ነገር ልጻፍ። መጀመሪያ ያሰብኩት አያቴን አይደለም። ሰኞን ነው። ቤቱ ለቅሶ ቤት ከሆነ እንዴት እለማመዳለሁ ብዬ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሼ ደምሴ መጡ። የአባዬ የልብ ጓደኛ ናቸው። ሆኪን ገና ነው የሚሉት፤ ባዩኝ ቁጥር «ያ የበረዶ ገናህ ዛሬስ ስንት ጥርስ ተረፈህ?» ይሉኛል። ዛሬ ግን እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ፣ እንቅልፍ ይወስድሃል?» አሉኝ። በቃ፣ አያቴ ናት።

አምስት ቃል፣ አምስቱም! ወራቱን እስከ ጃንዋሪ። አስራ ስድስት ሰከንድ፣ ግን ግራ ዓይኔን በትንሹ እየከፈትኩ ነው። ሐኪሙ ከቀኜ ከቆመ አያይም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው እንግዲህ።

ማታ ጸለይኩ። ምን ብዬ? መርዶው እስከ ማክሰኞ ይቆይልኝ ብዬ። ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ?

እሁድ

ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አባዬ ቀሰቀሰኝ። ሳሎኑ ሞልቷል። ጋሼ ደምሴ፣ የአባዬ የሥራ ባልደረቦች፣ የእማዬ የማኅበር ሴቶች። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

«አያቴ ናት?»

«ቁጭ በል ልጄ» አሉ ጋሼ ደምሴ። «ሰው አልሞተም። አያትህ ደህና ናቸው።»

ቁጭ አልኩ።

«ቡድንህ ሌላ ተከላካይ አስፈርሟል። ያ ኤጀንትህ ሁሉንም ቡድን ጠይቋል፤ እሺ ያለ የለም። ጨዋታው አብቅቷል፣ ልጄ። የባሰ አያምጣ።»

አያቴ በሕይወት አለች ብዬ መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ መቼ ነው የሰማችሁት አልኩ። ረቡዕ፣ ብራያን ስልኬ ላይ ደውሎ ሜሮን ስታነሳ። ረቡዕ! አራት ቀን ሙሉ እዚያ ታች ባንድ እግሬ ስቆም እያወቁ! ጮህኩባቸው። እንግዳ ፊት፣ አባቴ ላይ ጮህኩ።

ሜሮን «አይ ቶልድ ዜም፣ ንገሩት ብያለሁ» እያለች ታለቅሳለች። አባዬ ግን ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ፣ «ብቻህን እንድትሰማው አልፈለግሁም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው በሌለበት ከተማ ስትወድቅ ብቻህን ነው የተነሳኸው» አለ።

ያኔ አለቀስኩ። እንደ ልጅ። ሆኪን በቲቪ እንኳ አይተው የማያውቁ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱልኝ። አንዷ «ስንት ዓመቱ ነበር?» ብላ እማዬን ስትጠይቅ ሰማኋት። አስራ አንድ አለቻት እማዬ።

ሰዉ እስከ ማታ አልሄደም። ተናድጃለሁ፣ አሁንም። ግን በላሁ፣ ተኛሁም።

ሰኞ

ኮንትራት ባይኖርም ቀጠሮው አለ። ሜሮን ነዳችልኝ። ማንን ላታልል ነው? ሐኪሙ በቀኜ ቆመ፤ ሁለቱንም ዓይኔን ጨፈንኩ። አምስት ሰከንድ ሳይሞላ ሜሮን ላይ ወደቅኩ። ከአምስቱ ቃል ሁለት አስታወስኩ፤ «ሌላውን አላውቅም» አልኩ። ይህን ቃል ለሐኪም ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ሦስቱንም ምት። ሁለት የምትሆነውን ፓክ። ከመቼ ጀምሮ ሲለኝ ከኖቬምበር አልኩት። ሜሮን ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ሐኪሙ ዓይንህ ይመለሳል አላለኝም፣ አይመለስምም አላለኝም። ሐሙስ ሌላ ምርመራ አለ።

መኪና ውስጥ «ዳድ ኖውስ?» አለችኝ። አያውቅም። እሱ የደበቀኝ አራት ቀን ነው፤ እኔ የደበቅኩት አራት ወር።

በአስራ አንድ ሰዓት ከሥራ ይገባል። ጋሼ ደምሴን ልጥራ ወይ ብዬ አሰብኩ፣ ሰው ይኑር ብዬ። አልጠራም። እኔና እሱ ብቻ። በምን እንደምጀምር ግን አላውቅም። የጋራዡ በር ሲከፈት ይሰማኛል፤ መጣ።