ደጅ ጠኚው ሀብቶም

እሑድ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ላንድማርክ፣ አሜሪካ

ልጄ የባሕር ኃይል ፎቶዬን ፍሬም አስደርጋ ሳሎን ሰቀለችው። ከመርከብ አውርደው የምፅዋ አስተዳዳሪ ባደረጉኝ ሰሞን የተነሣሁት ነው። ከባሕር በቀር የማውቀው አልነበረም፤ የሕዝቡን ቋንቋም አልችልም።

ከሰዓት ጎረቤቴ ሀብቶም እንደ ልማዱ ከሱቅ የገዛሁትን አስቤዛ ተሸክሞልኝ ገባ። የምፅዋ ልጅ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ እኔ ማን እንደነበርኩ ግን አንድም ቀን አልነገርኩትም። ፎቶውን ሲያይ ባለበት ቆመ።

«ወንድሜን ለማስፈታት ሦስት ቀን ደጅ ጠንቻለሁ» አለኝ። «እርስዎ አቤቱታዬን በአስተርጓሚ ሰምተው ‹ነገ ተመለስ› አሉኝ።»

ፊቱን ፈጽሞ አላስታወስኩትም። «ተፈታ?» አልኩት።

«እሱን እኮ እኔ ነኝ እርስዎን የምጠይቅዎ።»

ወተቴን እንደ ወትሮው ፍሪጅ ውስጥ ከቶልኝ ወጣ። የወንድሙን ስም እንኳ አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።